ከሰሙ የጎደለው

ሥራ የገባሁ ዕለት የተቀመጥሁት መሬት ላይ ነው። ጠረጴዛ ነበር፣ ወንበርም ነበር። ግን እኔ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ፤ ጽሕፈት ጉልበት ላይ የሚሠራ ሥራ ይመስለኛል። የመቃ ብዕሬን ይዤ፣ የቀለም ቀንዴን አጠገቤ ተክዬ፣ ጋቢዬን ሰብስቤ ጥጉ ላይ ቁጭ አልሁ። አለቃዬ ሲኞር ብሩኖ ገብቶ ዙሪያውን ቃኘና ሊወጣ ሲል ከጠረጴዛው ጀርባ ጭንቅላቴን አየ። "ምን ጠፋብህ?" አለኝ። "ምንም፤ ሥራ እየጀመርሁ ነው" አልሁት።

ወንበር ላይ ካወጣኝ በኋላ የአንድ ኩባንያ የዓመት ሪፖርት ሰጥቶ "መርምር" አለኝ። ጀመርሁ። እንደተማርሁት ግራና ቀኝ እየተወዛወዝሁ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ የበቅሎ ኪራይ፣ የዘበኛ ደመወዝ፣ የገመድ ግዢ እያልሁ በዜማ አወረድሁት። በር ላይ የቆመው አስካሪ፣ የጣልያን ቅጥር ወታደር፣ ጠመንጃውን እንዳቀፈ በሳቅ ፈረሰ። ሲኞር ብሩኖ ከጓዳው ብቅ ብሎ "ማን ሞተ?" አለ። በሆድ ማንበብ የሚባል ነገር እንዳለ የነገረኝ ያን ቀን ነው። እኔ ደግሞ "በሆዴ ካነበብሁ ሥራ መሥራቴን በምን ያውቃሉ?" ብዬ ጠየቅሁት።

ዘመኑ ጣልያን ቡሬን ይዞ የተቀመጠበት ነው። ከተማው የእሱ፣ ከከተማው ወጣ ሲሉ ያለው አገር የአርበኞች ነበር። የቀረጥ መሥሪያ ቤታችን ከምሽጉ ሥር ያለች አንዲት የቆርቆሮ ቤት ናት። ጣልያንኛ የለመድሁት ሲራራ ነጋዴ የነበረው አጎቴ በልጅነቴ አስመራ ወስዶ አንድ ሱቅ ውስጥ ስላስቀጠረኝ ነው። ቋንቋውና የቄስ ትምህርቱ ተደምረው "የአገሬው ተወላጅ ረዳት መርማሪ" የሚል ማዕረግ አሰጡኝ። አማቴ ግን ይህን ሁሉ ማዕረግ "ባንዳ" በምትል ቃል አጠቃለሉት። ራት ሲያቀርቡልኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩ ነበር። አልፈርድባቸውም። አፍሬ ነበር፤ ርቦኝም ነበር። "ሰው አላስገደልሁ፣ የፈረንጅ ሒሳብ ነው የማየው" እያልሁ እበላ ነበር።

ሥራዬ ሁለት ነው። ጠዋት ኬላው ላይ ቆሜ ወደ ከተማ የሚገባውን ጭነት እመዝናለሁ፤ የስልቻውን ክብደት ቀንሼ የተጣራውን ብቻ ደረሰኝ ላይ እጽፋለሁ፤ የመግቢያውም ቀረጥ በዚያው ይከፈላል። ከሰዓት በኋላ የኩባንያዎችን ሪፖርት እመረምራለሁ። ኩባንያው በዓመቱ ውስጥ ይህን ያህል ገዛሁ፣ ይህን ያህል ወጪ አደረግሁ፣ ይህን ያህል ባከነብኝ፣ ይህን ያህል ሸጥሁ ብሎ ያቀርባል። የገዛሁ ያለውን ከኬላው ደረሰኝ ጋር፣ የሸጥሁ ያለውን ከመኪና መጫኛው ወረቀት ጋር አስተያያለሁ። ያልገጠመ ካለ በቀይ እርሳስ አሰምርበታለሁ።

አይ ቀይ እርሳስ! የተሰጠኝ ሰሞን ያላሰመርሁበት መስመር አልነበረም። "ወጪ" የሚል ካየሁ አሰምራለሁ፣ "ልዩ ልዩ" የሚል ካየሁ ሁለት ጊዜ አሰምራለሁ። ሲኞር ብሩኖ አንድ ቀን "እባክህ ቀኑንና ፊርማውን እንኳ ተውልኝ" ብሎ ለመነኝ።

በዓመቴ ገደማ የሰም ኩባንያው ሪፖርት እጄ ገባ። ኩባንያው የጣልያን ነው፤ ባለቤቱ አስመራ ይቀመጣል። ቡሬ ላይ ሥራውን ሁሉ የያዙት አያ ጥሩነህ የሚባሉ ያገራችን ሰው ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ። ከወጀት፣ ማለትም ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከምንላት፣ እስከ ቡሬ ድረስ ካለው ገጠር ያልጠራ ሰም ይሰበስባሉ። ያልጠራ ሰም ገበሬው ቤቱ ያቀለጠው፣ የሞተ ንብና ገለባ ያልተለየው ነው። አያ ጥሩነህ በበርሜል እንደገና አቅልጠው፣ በጆንያ አጥልለው፣ ንጹሑን ወደ አስመራ ይልካሉ። ሲቀልጥ ከአሥር እጅ አንዱ ቆሻሻ ሆኖ መውጣቱ የታወቀ ነው።

በአያ ጥሩነህ ሪፖርት የባከነው ግን ከአሥር ሁለት እጅ ነበር።

ደግሜ ደመርሁ፣ ያው ነው። የደብረ ማርቆሱን ሰም ሪፖርት አውጥቼ አየሁ፤ እዚያ የባከነው ከአሥር አንድ ነው። ደስታዬን አልደብቃችሁም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ያገኘሁት የመጀመሪያው እውነተኛ ጉድለት ነበር። ከወንበሬ ተነሥቼ በሩጫ ወደ ሲኞር ብሩኖ ገባሁና ወረቀቱን እንደ ሙሽራ ስጦታ በሁለት እጄ አቀረብሁለት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከዚያ ወዲያ ጠላ ቤት ሄጄ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ መርማሪነት ተሰጥኦ እንደሚፈልግ ለሰው ሁሉ አስረዳሁ።

በማግስቱ አያ ጥሩነህን አስጠራቸው። ጠያቂው ሲኞር ብሩኖ፣ አስተርጓሚው እኔ፣ ከሳሹም እኔ።

"ይህ ሰም የት ገባ?"

"ከሰሙ ቆሻሻ ይወጣል ጌታዬ" አሉ አያ ጥሩነህ።

"ይህን ያህል?"

"አገሩ ሰፊ ነው፤ ቆሻሻውም እንደ አገሩ ነው።"

ሲኞር ብሩኖ አልሳቀም። ሰሙ ወደ ሱዳን እየወጣ በጥይት ይለወጣል፣ ጥይቱም ዱር ላሉት ይደርሳል ብሎ ጠርጥሯል። ይህን ሲል ነው ክው ያልሁት። እኔ ያሰብሁት ትንሽ መቀጮ ነበር። ጥይት የሚል ቃል ከተነሣ ግን ነገሩ ለካራቢኔሪ፣ ለጣልያን ፖሊስ፣ ይተላለፋል፤ በዚያ ዘመን ከቡሬ ካራቢኔሪ ደጅ ገብቶ በእግሩ የወጣ ሰው አላውቅም። በመጨረሻ "በሚመጣው ቅዳሜ ከመንደሩ የሚመጣ ያልጠራ ሰም እዚህ፣ ዓይኔ እያየ ይቅለጥ። ያልኸውን ያህል ከባከነ ነፃ ነህ። ካልባከነ ለካራቢኔሪ አስረክብሃለሁ። እስከዚያ ዋስ ጥራ" አለ።

ግቢው ውስጥ ሰው ነበር። ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ፤ ጫማ የሌለው እግሩን። አያ ጥሩነህ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩና ኩታቸውን አስተካክለው "ዋሴ ይበልጣል ነው" አሉ።

ይበልጣል እኔ ነኝ። ሰው በአደባባይ ዋስ ሁነኝ ብሎ ስምህን ሲጠራ እምቢ ማለት በኛ አገር ከሌብነት ይከፋል። ሲኞር ብሩኖ "ምን አለ?" አለኝ። የራሴን ዋስትና ራሴ ተረጎምሁ። ከሳሽ የተከሳሽ ዋስ አይሆንም የሚል አንቀጽ ደንቡ ውስጥ ፈልጎ አጣ፤ ተቀበለው።

ከግቢው እንደወጣን ከተል ከተል እያልሁ "አያ ጥሩነህ፣ ለመሆኑ ሰሙ የት ነው የሚገባው?" አልኋቸው።

"አንተ ታውቀዋለህ።"

"እኔ? በማርያም!"

"በማርያም አልህ? እንግዲህ እዚያው ነው።" ቆም አሉና አዩኝ። "ኩባንያው ያገሩን ሰም ጠርጎ ከገዛ ወዲህ የማርያም ደብር ጧፍ አጥቶ በጨለማ ሊያስቀድስ ነበር። ስለዚህ ከአሥር እጅ አንዱን ሳይቀልጥ አወጣለሁ። አሥራት ነው። ከሚገኘው ሁሉ ከአሥር አንዱ የእግዜር አይደለም? ባለቤቱም ክርስቲያን ነኝ ይላል፣ አንገቱ ላይ መስቀል አይቻለሁ። አሥራቱን ራሱ እንዳይከፍል እሩቅ ነው ያለው። እኔ ወኪሉ ነኝ፤ እከፍልለታለሁ።"

"እና ለባለቤቱ ነግረውታል?"

"አሥራት ሊከፍል ለሚገባው ሰው አሥራት ክፈል ይባላል? ስድብ አይሆንም?"

"ታዲያ ለእኔ እንኳ ምነው አልነገሩኝ?"

"አንተማ በየእሑዱ በዚያ ጧፍ ማኅሌት ትቆማለህ። መርማሪ አይደለህ? አውቀህ ዝም ያልህ መስሎኝ እየመረቅሁህ ነበር።"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ስንት እሑድ ጧፍ ይዤ ቆሜያለሁ! ከየት መጣ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። የበቅሎ ኪራይ የሚጠራጠር ሰውዬ እጁ ላይ የሚነደውን አያውቅም።

እውነቱን ለሲኞር ብሩኖ መንገር አይቻልም። ያን ጊዜ ጣልያን ከአርበኛ ቀጥሎ የሚፈራው ቄስ ነበር። ሰሙ ቤተ ክርስቲያን ገባ ቢባል አያ ጥሩነህ ብቻ ሳይሆኑ የደብሩ አለቃም፣ ገበዙም ይከተሉ ነበር። የቀረን አንድ መንገድ ነው። ቅዳሜ የሚቀልጠው ሰም ቆሻሻ፣ በጣም ቆሻሻ መሆን አለበት።

ወደ ወጀት መንገድ፣ አያ ጥሩነህ ሰም ወደሚገዙበት መንደር ሁለታችን ወረድን። አርበኛ በሩቁ አይቶ እንዳይመታኝ የመንግሥት ባርኔጣዬን ቤት ትቼ የአማቴን ሻሽ ጠምጥሜ ነበር፤ አማቴ ከሠርጌ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። በመንደሩ ብዙ ቀፎ ያላቸው እትዬ የሺ የሚባሉ ባልቴት ናቸው፤ እሳቸው እሺ ካሉ መንደሩ እሺ አለ ማለት ነው። ቁልጭ አድርጌ ነገርኋቸው። "እትዬ የሺ፣ የአያ ጥሩነህ ነፍስ በዚህ ነው። ገለባ ያለበት፣ የሞተ ንብ ያለበት፣ አፈር ያለበት ይሁን። ካላችሁ ሁሉ ቆሻሻውን አምጡ።"

"እሺ ልጄ" አሉ።

"ቆሻሻውን ነው ያልሁ።"

"ሰምቻለሁ፣ እሺ አልሁህ እኮ።"

ቅዳሜ ደረሰ። ግቢው መሐል በርሜል ተጥዷል፣ ሚዛኑ ተተክሏል። ሲኞር ብሩኖ ወንበር አስወጥቶ ተቀምጧል። የመንደሩ ሰው ስልቻ የጫኑ አህዮቹን እየነዳ ገባ። ሴቶቹ ሁሉ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፤ ያን ጊዜ ነው መጠርጠር የነበረብኝ። የመጀመሪያው ስልቻ ተፈታ።

ወርቅ የመሰለ ሰም ወጣ። አንድ ገለባ የለበትም። ሁለተኛው ተፈታ፣ ከመጀመሪያው ይብሳል። ዕድሜዬን በሙሉ እንዲያ ያለ ንጹሕ ሰም አይቼ አላውቅም።

እትዬ የሺ አጠገቤ ነበሩ። "ምን አደረጉኝ?" አልኋቸው በሹክሹክታ።

"ያልኸንን ቆሻሻውን አወጣነው። ከዚያ ስናየው አሳፈረን። በፈረንጅ ፊት እንዲህ ያለ ይዘን ልንቀርብ? የእነ የሺ አገር ሰም ይህ ነው ሊባል? ልጄ፣ አንተንስ ምን ይሉሃል? ሁለት ቀን ሙሉ መንደሩ በሙሉ አቅልጦ፣ ለቅሞ፣ አጥቦ ነው ያመጣው።" ፊታቸው በኩራት በርቷል።

ሰሙ ከየስልቻው ተዘርግፎ ተመዘነ፣ ቀለጠ፣ ተጠለለ፣ ረግቶ እንደገና ተመዘነ። የጎደለው ከአሥር አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ሲኞር ብሩኖ መዝገቡን ዘጋ። አንዱን አስካሪ ጠርቶ "ካራቢኔሪ ጥራልኝ" አለው። አያ ጥሩነህ ኩታቸውን ከትከሻቸው አውርደው አጠፉት፣ ቤት እንዲደርስላቸው ለእትዬ የሺ ሰጧቸው። እትዬ የሺ ኩታውን ተቀብለው ግራ ገባቸው። ወዲያው ነገሩ ገባቸውና አፋቸውን በኩታው ያዙ።

አፌን ስከፍት ምን እንደምል አላውቅም፤ እውነቴን ነው። ዓይኔ መሬት ላይ በተጣሉት ባዶ ስልቻዎች ላይ አረፈ።

"ጌታዬ፣ ስልቻው!" አልሁ።

"የምን ስልቻ?"

"ዛሬ ሰሙን ዘርግፈን ነው የመዘንነው። እኔ ኬላ ላይ ዓመቱን በሙሉ የመዘንሁት ከነስልቻው ነው። ከነገመዱ። መቀነስ እንዳለብኝ አላወቅሁም። ኩባንያው ገዛሁ ብሎ የጻፈው የእኔን ደረሰኝ ገልብጦ ነው። የጎደለው ሰም አይደለም፤ ስልቻ ነው።"

ውሸት ነው። ስልቻ ሳልቀንስ የመዘንሁበት ቀን የለም። ግን ደረሰኝ ላይ የሚጻፈው የተጣራው ክብደት ብቻ ስለሆነ ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። ትንሽ ይጠራጠረኛል፣ ይመረምረኛል፣ "አንተ እንዲህ ያለ ስሕተትማ አትሠራም" ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሰውየው ለቅጽበት እንኳ አልተጠራጠረም! ፊቱ ላይ የታየው "እንዴት ቀደም ብዬ አልገመትሁም" የሚል ነበር። እስካሁን ከሁሉም የሚያናድደኝ ይህ ነው።

"ባዶ ስልቻ አምጡና መዝኑ" አለ።

እትዬ የሺ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ፈጥነው ትንሽና ጽድት ያለውን ስልቻ አነሡ። "ኧረ በእመቤቴ ይተዉት!" ብዬ ጮኽሁ። አያ ጥሩነህ፣ ሲራመዱ የማይቸኩሉት አያ ጥሩነህ፣ ዘለው ከአንዱ አህያ ጀርባ ሌላ አወረዱ። የበሬ ቆዳ ነው፤ ዝናብ ጠጥቷል፣ ለስንት ዓመት የፈሰሰ ማር ደርቆበታል፣ ሦስት ዙር ጠፍር ታስሮበታል። ሚዛኑ ላይ ሲያስቀምጡት ሚዛኑ አቃሰተ። ከአንድ ጭነት ከአሥር አንድ እጅ ገደማ መዘነ።

ሲኞር ብሩኖ ብድግ አለ። መጀመሪያ በጥፊ አጮለኝ። ከዚያ ማሰብ ጀመረ። ዓመቱን በሙሉ ለስልቻ ቀረጥ ሲያስከፍል ከርሟል ማለት ነው፤ የበላዮቹ ቢሰሙ ከእኔ በፊት የሚጠየቀው እሱ ነው። አስካሪውን "ተወው፣ ካራቢኔሪ አያስፈልግም" አለው። አያ ጥሩነህን "ሂድ" አላቸው። ኩባንያው በትርፍ የከፈለው ይመለስለት ይሆን ብዬ ስጠይቀው ሁለተኛውን ጥፊ ቀመስሁ።

ከመርማሪነቴ ተሻርሁ። ወንበሩም፣ ጠረጴዛውም ቀረብኝ፤ ደመወዜ ተቆረጠና ቀኑን ሙሉ ኬላው ላይ ሚዛን ያዥ ሆንሁ። እንግዳ መኮንን በመጣ ቁጥር ሲኞር ብሩኖ ያመጣውና "ስልቻ የቀረጠው ሊቅ ይህ ነው" ብሎ ያሳየኛል፤ እኔም እጅ እነሣለሁ። ከዚያ ጋር አንድ ትእዛዝ በጽሑፍ ሰጠኝ፦ ከዛሬ ጀምሮ ከማንኛውም የሰም ጭነት ከአሥር አንዱ ለስልቻ እንዲቀነስ። ፈርሞ ማኅተም አድርጎበታል።

እውነተኛው ስልቻ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። የተረፈው በደረሰኝ ላይ የለም፣ ቀረጥም አይጠየቅበት፣ ሪፖርት ላይም አይጎድል። አያ ጥሩነህ በየሳምንቱ ኬላዬ ላይ አውርደው ወደ ማርያም ይሸከሙታል። ከአሥራቱ ትንሽ ያንሳል ብላቸው "እግዜር እንዳንተ ቀይ እርሳስ አይዝም" አሉኝ። ጣልያን ከቡሬ እስከሚወጣ ድረስ የደብሩ ጧፍ በሲኞር ብሩኖ ፊርማ በራ።

ነፃነት ከመጣ በኋላ ታሪኩን ለሰው ለመንገር ቸኩዬ ነበር። ማንም አላመነኝም። "ስልቻ መቀነስ ረስተህ፣ አሁን ጀግና ልትሆን ነው?" ይሉኛል። አያ ጥሩነህ ምስክር ሆነው ቢናገሩልኝም "እርስዎ ደግሞ ደግ ሰው ነዎት፣ ለሰው ስም ይጨነቃሉ" ብለው መለሷቸው። በወጀት ገበያ እስከ ጡረታዬ ድረስ ስሜ ስልቻ ነበር። ያመኑኝ አማቴ ብቻ ናቸው። አንድ ማታ ራት ሲያቀርቡልኝ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ተቀመጡ።

በኋላ በራሳችን መንግሥት ብዙ ዓመት የኩባንያ ሪፖርት መርምሬ ጡረታ ወጣሁ። ዛሬ ሥራውን የያዛችሁ ልጆች ምን ምክር አለህ ትሉኛላችሁ። አንድ ብቻ ነው ያለኝ። ሪፖርት ላይ ጉድለት ስታገኙ ለአለቃ ከመውሰዳችሁ በፊት ሪፖርቱን ያቀረበውን ሰው ሂዳችሁ ጠይቁት። እኔ ያገኘሁት ቁጥር ትክክል ነበር፤ ትክክል ሆኖም ሰው ሊያስገድል ነበር።